«ከየት አመጣው?»፦ የመጽሐፍ ቅዱስ ፊልሞችን ከምር ለማጥናት

ፋሲካ ሲቃረብ ደሴ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሁሉ ያው ፊልም ይከፈታል። ጌታ ሲገረፍ፣ ሙሴ ባሕር ሲከፍል፣ ኖኅ መርከብ ሲሠራ። ፊልሙ ሲያልቅም ያው ጥያቄ ይነሳል። «እውነት እንዲህ ተብሎ ነው የተጻፈው?» አንዱ «አዎ» ይላል። ሌላው «ኧረ በፍጹም» ይላል። ከዚያ ቡና ይመጣና ወሬው ይቀየራል።

ይህን የምጽፈው ወሬው እንዳይቀየር ለሚፈልጉ ነው። የማስተምረው ሥነ ጽሑፍ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሮቢት ባለው ቤቴ ተማሪዎችና ጥቂት የሰፈር ሰዎች ተሰብስበን እንዲህ ያሉ ፊልሞችን እናያለን፣ እንጽፋለን፣ እንከራከራለን። ሙስሊምም ክርስቲያንም አለበት። ለመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ የሚፈልግ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይመጣል። ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሚወጣም አለ። ለሁሉም መጀመሪያ የምነግራቸው ይህን ነው፤ «ልክ ነው ወይስ ስህተት?» የሚለውን ለጊዜው ተዉት። «ከየት አመጣው?» ብላችሁ ጠይቁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ በአንድ ቃል ተመልሶ ያልቃል። ሁለተኛው ሥራ ይሰጣል። ማንኛውም የመጽሐፍ ቅዱስ ፊልም መጽሐፉ ያላለውን መጨመሩ አይቀርም። መጽሐፉ የሰዎቹን መልክ፣ የልብሳቸውን ቀለም፣ የቤታቸውን ጣሪያ ብዙ ጊዜ አይነግረንም። ካሜራ ደግሞ ያለ መልክ፣ ያለ ልብስ፣ ያለ ጣሪያ ምንም ማሳየት አይችልም። የተጨመረው ነገር ምንጭ አለው። ወይ ከሌላ ጥንታዊ መጽሐፍ ነው፣ ወይ ከሥዕል፣ ወይ ከቀደመ ፊልም፣ ወይ ፊልሙ የተሠራበትን ዘመን ካስጨነቀው ነገር። ያንን ምንጭ ፈልጎ ማግኘት ነው ሥራችን።

መጀመሪያ ንባብ

ፊልሙን ከመክፈታችሁ በፊት ታሪኩን አንብቡ። «አውቀዋለሁ» ማለት አይበቃም። የኖኅን ታሪክ የማያውቅ የለም፤ ዘፍጥረት ከምዕራፍ 6 እስከ 9 ነው። እስቲ መጽሐፉን ሳትከፍቱ መልሱ፦ ኖኅ በዚህ ታሪክ ውስጥ ምን ተናገረ? ተማሪዎቼ ብዙ ነገር ይገምታሉ። ሕዝቡን መከረ፣ ልጆቹን አዘዘ፣ በመርከቡ ውስጥ ጸለየ ይላሉ። ገልጣችሁ ስታዩ ግን ኖኅ መርከቡን ሲሠራም፣ ሲገባም፣ ሲወጣም አንድ ቃል ሲናገር አይጻፍም። መሠዊያ ሠርቶ መሥዋዕት ሲያቀርብ እንኳ ንግግሩ የለም። ድምፁ የሚሰማው ምዕራፍ 9 ቁጥር 25 ላይ ነው፤ ከወይን ስካሩ ነቅቶ ከነዓንን ሲረግም።

አሁን ዳይሬክተሩን ሁኑ። ዋናው ተዋናይ ከሁለት ሰዓት በላይ አፉን ዘግቶ ይቀመጥ? አይሆንም። ስለዚህ ኖኅ ከጥፋት ውኃው በፊት በየትኛውም ፊልም ላይ የሚናገረው ነገር በሙሉ ሌላ ሰው የሰጠው ቃል ነው። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ተመልካች ሌላ ዓይን ይዞ ይቀመጣል።

ስታነቡ ደብተር ያዙ፤ ያልተጻፈውንም መዝግቡ። የኖኅ ሚስት ስም የለም። የልጆቹ ሚስቶች ስም የለም። ጎረቤቶቹ ምን እንዳሉት አልተጻፈም። እኛ ይህን «የዝምታ ዝርዝር» እንለዋለን። ፊልሙን ከከፈታችሁ በኋላ ዳይሬክተሩ የት የት እንደሚገባ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

የአጎቴን ነገር እዚህ ላይ ላንሳ። መሪጌታ ናቸው፣ አንድምታ ሲሰሙና ሲያስተምሩ የኖሩ። አንዱን ጥቅስ ይዘው «አንድም» እያሉ አራት አምስት ፍቺ ያስከትላሉ፤ አንዱ ሌላውን አያባርረውም። ፊልምንም እንደዚሁ መያዝ ይቻላል ብዬ አምናለሁ። በምስል የተነገረ አንድ ፍቺ ነው። ፍቺ ነው ስንል ግን ሁሉም እኩል ነው ማለታችን አይደለም፤ አንዳንዱ ከጽሑፉ ጋር በደንብ ተሟግቶ የመጣ ነው፣ አንዳንዱ አላነበበውም።

አተያይ

ትርጉም ፊልም አትጠቀሙ። በአማርኛ ተራኪ የሚታጀበው ለመዝናናት ጥሩ ነው፤ ለጥናት ግን ተራኪው ራሱ ሌላ ተርጓሚ ሆኖ መሐል ይገባል። ዝም የተባለበትን ቦታ በወሬ ይሞላል፣ ሙዚቃውን ይሸፍናል፣ አንዳንዴ የመጽሐፍ ቅዱሱን አነጋገር ከልቡ አምጥቶ ተዋናዩ ያላለውን ያስብለዋል። ዋናውን በሰብታይትል እዩ።

አንዴ ሳታቋርጡ እስከ መጨረሻው እዩት። ከዚያ አንድ ትዕይንት ምረጡ። ሙሉ ፊልም ለማጥናት የተነሳ ተማሪ ታሪኩን መልሶ ተርኮ ነው የሚቀረው። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ የሚሆን ትዕይንት ይበቃል። ያንን ደጋግማችሁ እዩ፤ አንዱን ዙር ድምፁን ዘግታችሁ። ድምፅ ሲዘጋ ካሜራው ለማን ቅርብ እንደሆነ፣ ብርሃኑ የማን ፊት ላይ እንዳረፈ ወዲያው ይገለጣል። በደብተራችሁ ገጹን ሦስት ቦታ ክፈሉ፦ ደቂቃ፣ የታየው፣ ከየት። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ባዶ ይሆናል። አብሽሩ። እሱን መሙላት የሳምንቱ ሥራ ነው።

ላፕቶፑን ከማለዳው ቻርጅ አድርጉ፣ ፊልሙንም በፍላሽ ያዙት። ከኢንተርኔት በቀጥታ እያያችሁ ደቂቃ መመዝገብ ደሴ ውስጥ አይታሰብም።

ኖኅና የእኛው ሄኖክ

በ2014 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የወጣውን የዳረን አሮኖፍስኪን «ኖኅ» ለመጀመሪያ ልምምድ የምመርጠው በምክንያት ነው። ፊልሙ እንደተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ከድንጋይ የተሠሩ የሚመስሉ ግዙፍ ፍጡራን ይመጣሉ። ከሰማይ የወደቁ መላእክት ናቸው፤ ብርሃናቸው በድንጋይና በጭቃ ተሸፍኗል። ኋላም ኖኅን መርከብ በመሥራት ይረዱታል። እኔ ቤት ይህ ትዕይንት ሲደርስ ሁሌም ጫጫታ ይነሳል። «ይሄ ደግሞ ፈጠራ ነው!» «የሕፃናት ፊልም አደረጉት!» አጎቴ በተገኙበት ቅዳሜ ልጆቹ ሲጮሁ ቆይተው «ሄኖክን አላነበባችሁም እንዴ?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ።

ዘፍጥረት ምዕራፍ 6 የእግዚአብሔር ልጆች የሰውን ሴቶች ልጆች እንዳገቡ በአጭሩ ተናግሮ ያልፋል። መጽሐፈ ሄኖክ ግን ያንኑ ይዞ በሰፊው ይተርካል። በግዕዝ ትጉሃን የሚባሉት መላእክት 200 ሆነው በአርሞንዔም ተራራ ወረዱ። ሚስት አገቡ። አዛዝኤል ለሰዎች ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ ጌጥንና ዓይን መኳልን አስተማረ። ምድርም በግፍ ተሞላች። ይህ መጽሐፍ በአይሁድም በአብዛኛው የክርስቲያን ዓለምም ከቅዱሳት መጻሕፍት ውጪ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ግን ከ81ዱ አንዱ ነው። የአረማይክና የግሪክ ቁርጥራጮች ቢገኙም መጽሐፉ በሙሉ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ከኢትዮጵያ ይዞ በ1773 አውሮፓ ደረሰ፤ በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ሆሊውድ የድንጋይ መላእክቱን ሲያቆም መሠረቱ የእኛ ብራና ላይ የተረፈ ታሪክ ነበር ማለት ነው። ይህን ለተማሪ ስነግር ደስታዬን መደበቅ አልችልም።

ግን ምንጩን አገኘን ብለን እዚህ ብናቆም ግማሽ ሥራ ነው። ቀጣዩ ጥያቄ «የወሰደውን ምን አደረገው?» ነው። በመጽሐፈ ሄኖክ ትጉሃን የበደሉ ናቸው። ሄኖክን «ልመናችንን ጽፈህ አድርስልን» ይሉታል፤ ይጽፋል፤ ልመናቸው ግን አይሰማም። በፊልሙ ደግሞ የወረዱት ለሰው አዝነው ነው። መርከቡን ሲከላከሉ ይወድቃሉ፤ ሲወድቁም ብርሃን ሆነው ወደ ሰማይ ይመለሳሉ። ምሕረት የተከለከሉት ምሕረት አገኙ። ይህ ግልብጥ በደብተራችሁ ላይ በትልቁ መጻፍ አለበት። በጎኑም ሌላውን አስተያዩ፦ መላእክቱ ምሕረት ሲያገኙ ሰው ይጨክናል። የፊልሙ ኖኅ የሰው ዘር በሙሉ ማለቅ አለበት ብሎ ያምናል። በዘፍጥረት ሦስቱም ልጆች ከነሚስቶቻቸው ይገባሉ፤ በፊልሙ ካም ሚስት የለውም። ኖኅ መርከቡ ውስጥ የተወለዱትን የሴም መንታ ሴት ልጆች ሊገድል ቢላ ያነሳል። ይህ ከየት መጣ? እኔ ዘፍጥረት 22ን ነው የማየው፤ አብርሃም በይስሐቅ ላይ ያነሳውን ቢላ። ልዩነቱ በዚያኛው ታሪክ መልአክ ጠርቶ ያስቆመዋል። በዚህኛው ሰማዩ ዝም ይላል፣ ውሳኔው የሰውዬው ነው። ዝምታው ፊልሙ ስለተሠራበት ዘመን ብዙ ይናገራል።

ክፉው ንጉሥ ቱባልቃይን ደግሞ ዘፍጥረት 4 ቁጥር 22 ላይ ብረትና ናስ የሚቀጠቅጥ ተብሎ በአንድ ቁጥር የተጠቀሰ ሰው ነው። አንዷ ቁጥር ሙሉ ገጸ ባሕርይ ሆነች።

አንድ ሙስሊም ተማሪዬ ይህን ፊልም ኳታር፣ ባሕሬንና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ እንዳይታይ መከልከላቸውን አንስቶ ጽፎበታል። ምክንያቱ ነቢይን በተዋናይ ማሳየት ተገቢ አይደለም የሚለው አቋም ነው። ይህም የጥናቱ አካል ነው። ፊልም የሚጠናው በውስጡ ባለው ብቻ አይደለም፤ ማን አየው፣ ማን አላይም አለ፣ ለምን የሚለውም ይጠናል።

ሙሴና ኢትዮጵያዊቷ

የሴሲል ቢ. ዴሚል «አሥርቱ ትእዛዛት» በ1956 የወጣ ነው። ቻርልተን ሄስተን ሙሴ፣ ዩል ብሪነር ፈርዖን። ሦስት ሰዓት ከግማሽ ያልፋል። ዳይሬክተሩ ያንኑ ርዕስ በ1923 ድምፅ አልባ አድርጎ ሠርቶት ነበር። የፈርዖኑን ስም ኦሪት አይነግረንም፤ «ራምሴስ» ያለው ፊልሙ ነው፤ እዚህ ላይ አልቆይም።

የምቆየው ሌላ ቦታ ነው። ዘጸአት ምዕራፍ 2 ቁጥር 10 ላይ ሙሴ ሕፃን ነው። ቁጥር 11 ላይ ጎልማሳ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የዕድሜ ልክ ዝምታ አለ። ዴሚል በፊልሙ መግቢያ ራሱ መጋረጃ ፊት ወጥቶ ይህንኑ ይናገራል፤ የጎደለውን ዘመን ከጥንት ጸሐፊዎች ከፊሎና ከጆሴፈስ እንደሞላ ይገልጻል። «ከየት አመጣው?» የሚለውን በገዛ አፉ የሚመልስ ዳይሬክተር ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው።

ከዚያ ሙሴ ኢትዮጵያን ድል አድርጎ ሲመለስ እናያለን። ንጉሡንና ታርቢስ የተባለችውን ልዕልት በወዳጅነት ወደ ፈርዖን አደባባይ ያቀርባቸዋል። የኢትዮጵያውን ንጉሥ የተጫወተው ጥቁር አሜሪካዊው ዉዲ ስትሮድ ነው። ይህን ክፍል ደጋግማችሁ እዩት፤ አጭር ነው። ልዕልቲቱ ሙሴን እንዴት እንደምታየው፣ ሙሴን የምትወደው የግብፅ ልዕልት ነፍረቲሪ ደግሞ ታርቢስን እንዴት እንደምታያት ልብ በሉ።

ታርቢስ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በስም የለችም። ዘኍልቍ 12 ቁጥር 1 ላይ ግን ሙሴ ኢትዮጵያዊት እንዳገባ፣ ማርያምና አሮንም በእርሷ ምክንያት እንዳሙት ተጽፏል። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስ ደግሞ ሙሴ የግብፅን ጦር እየመራ በኢትዮጵያ ላይ ዘመተ ይላል። የንጉሡ ልጅ ታርቢስ ከከተማው ቅጥር ላይ ሆና አየችው፣ ወደደችው፣ ከተማዋን ልትሰጥ ተስማማችና አገባት። እዚያ ላይ «ኢትዮጵያ» የተባለው ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለው የኩሽ አገር፣ የመርዌ ምድር መሆኑን አትርሱ። የእኛ ሰው እዚህ ጋ ቶሎ ይሞቀዋል፤ በጽሑፋችሁ ውስጥ ግን የድሮውን ስም ከዛሬው ድንበር ለዩት።

አሁን አወዳድሩ። ዴሚል ከጆሴፈስ ዘመቻውን ወሰደ፣ ታርቢስንም ወሰደ። ጋብቻውን ተወው። በፊልሙ ሙሴ የሚያገባው ሲፓራን ብቻ ነው። ማርያምና አሮን ያሙባት ሚስት ወጣች። ለምን? በ1956 በብዙ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ነጭና ጥቁር መጋባት በሕግ የተከለከለ ነበር፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክልከላውን የሻረው በ1967 ነው። ይህን በጽሑፋችሁ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ትችላላችሁ፤ ጥሩ ክርክር ይወጣዋል። ነገር ግን «ዴሚል ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው» ብላችሁ አትጻፉ፤ ሰውየው እንዲያ ሲል አላያችሁም። «ምንጩ እንዲህ ይላል፣ ፊልሙ ይህን ትቷል፣ ዘመኑ ይህን ይከለክል ነበር» ማለት ትችላላችሁ። ከሁሉ በላይ ለተማሪዎቼ ማስተማር የምፈልገው ይህን ጥንቃቄ ነው። መጋረጃው ፊት ያለው ንግግርም እንዲሁ ነው። ዴሚል ሰው የመንግሥት ንብረት ነው ወይስ በእግዚአብሔር ሥር ነጻ ነፍስ ብሎ ይጠይቅና ትግሉ ዛሬም በዓለም እንዳለ ይናገራል። በቀዝቃዛው ጦርነት መሐል ነው ይህን የሚለው። እዚህ ላይ መገመት አያስፈልግም፤ አፉ ተናግሯል።

የዮሴፍ ቀሚስ

ወሎ ላይ የዮሴፍን ታሪክ በአንድ መጽሐፍ ብቻ ማጥናት ያሳፍራል። ዘፍጥረት 37ን እና ከ39 ጀምሮ ያለውን አንብቡ፤ ሱረቱ ዩሱፍንም 111 አንቀጽ ነውና ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። እኛ ይህን የጀመርነው ጎረቤታችን ሐጂያ አንድ ቅዳሜ ቡና ሊጠጡ መጥተው ቴሌቪዥኑን ሲያዩ በጠየቁት ጥያቄ ነው። «ቀሚሱ ከፊት ነው ከኋላ የተቀደደው?» አሉ። ክርስቲያኖቹ ልጆች እርስ በእርስ ተያዩ። እነሱ በሚያውቁት ታሪክ ቀሚሱ አልተቀደደም።

በዘፍጥረት የጲጥፋራ ሚስት ልብሱን ስትይዘው ዮሴፍ በእጇ ትቶላት ይሸሻል። ልብሱ በእሱ ላይ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል፤ እሥር ቤት ይገባል። በቁርኣን ቀሚሱ ከኋላ ይቀደዳል። ከቤተሰቧ የሆነ ምስክርም ከፊት ከተቀደደ እሷ እውነተኛ ናት፣ ከኋላ ከሆነ እሱ እውነተኛ ነው ብሎ ይፈርዳል። ያው ልብስ በአንዱ ይከሰዋል፣ በሌላው ነጻ ያወጣዋል። ከዚያም በቁርኣን ቀሚስ እንደገና ይመጣል፤ በያዕቁብ ፊት ላይ ሲጣል ዓይኑ ይበራል።

ይህን ይዛችሁ በ2008 የወጣውን የኢራን ተከታታይ ፊልም እዩ። ፋራጆላ ሰላህሹር የሠራው፣ ሙስጠፋ ዛማኒ ዩሱፍን ሆኖ የተጫወተበት ነው፤ 45 ክፍል አለው። ሁሉንም ማየት አይጠበቅባችሁም፤ የቀሚሱን ትዕይንት ፈልጉ። ከዚያ ዙለይኻን፣ ማለትም የጲጥፋራን ሚስት፣ ተከተሏት። ስሟ በዘፍጥረትም በቁርኣንም የለም፤ ከኋለኛው ትውፊት የመጣ ነው። መጨረሻ ላይ ዩሱፍን ማግባቷም እንደዚሁ፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፋርሱ ባለ ቅኔ ጃሚ ፍቅራቸውን በሰፊው ገጥሞታል። ዘፍጥረት 41 ደግሞ ሚስቱን አስናት ይላታል። አንድ ሴት ገጸ ባሕርይ ብቻ ይዛችሁ አራት ምንጭ ልትቆጥሩ ትችላላችሁ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ርዕስ ምን አለ?

የቤታችን ሕግ እዚህ ጋ ይሠራል፦ በሃይማኖት አንከራከርም፣ በስክሪኑ ላይ እንደፈለግን እንከራከራለን። የየትኛው መጽሐፍ ታሪክ እውነት ነው የሚለው ለቤታችን አይደለም። ቀሚሱ በፊልሙ ላይ ምን ሥራ ሠራ የሚለው ግን የእኛ ነው።

ሁለት ዓይንና አንድ ዓይን

ካሜራ ማንበብ ለሚያስቸግረው ሰው ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሥዕል እንዲያይ እመክራለሁ። በአገራችን ባህላዊ አሣሣል ቅዱሳን ፊታቸው ወደ እኛ ዞሮ በሁለት ዓይን ይሣላሉ። ክፉዎቹ፣ ገራፊዎቹ፣ ሰይጣን በጎን ሆነው በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሕዝቡ ማንበብ ባይችልም ማን ከማን ወገን እንደሆነ በአንድ እይታ ይለያል። ይህን ልምድ ያለው ዓይን ፊልምም ማንበብ ይችላል። በትዕይንታችሁ ውስጥ ፊቱ በሙሉ የሚታየው ማን ነው? ጥላ ውስጥ የቆመው ማን ነው? ከታች ወደ ላይ የሚታየውስ? በስቅለት ፊልም ላይ የአይሁድ ካህናት እንዴት ተቀርጸዋል የሚለው በተለይ ትልቅ ጥያቄ ነው። የ2004ቱን የሜል ጊብሰንን ፊልም ምሁራን በብርቱ የተከራከሩበት አንዱ ነጥብ ይሄ ነበር።

ቦታውንም ጠይቁ። ፒየር ፓኦሎ ፓሶሊኒ በ1964 የማቴዎስን ወንጌል ሲቀርጽ መጀመሪያ ፍልስጤም ሄዶ አየ፤ ከዚያ ደቡብ ኢጣሊያን መረጠ። ማቴራ የምትባለው በድንጋይ የተፈለፈለች ከተማ ኢየሩሳሌም ሆነችለት። ተዋናዮቹ ሙያተኞች አልነበሩም፤ በእርጅናዋ ያለችውን ድንግል ማርያምን የተጫወተችው የገዛ እናቱ ናት። ጊብሰንም ማቴራ ሄዶ ቀረጸ። የ1977ቱ የዘፊሬሊ ተከታታይ ፊልም ሞሮኮና ቱኒዚያ ነው የተቀረጸው። በየዓመቱ ስናለቅስበት የኖርነው ኢየሩሳሌም ብዙ ጊዜ ሌላ አገር ነው።

ስቅለት፦ አንድ ልምምድ

ሰባቱን አጽርሐ መስቀል፣ ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ የተናገራቸውን ቃላት፣ በቃላችሁ ታውቃላችሁ። አሁን ወንጌሎቹን ከፍታችሁ የቱ ከየት እንደሆነ ጻፉ። ሦስቱ ከሉቃስ፣ ሦስቱ ከዮሐንስ ናቸው፤ «ኤሎሄ» የሚለውን ማቴዎስና ማርቆስ ያካፍላሉ። ሰባቱን በአንድነት የያዘ ወንጌል የለም። ፊልም ከፍታችሁ የተሰሙትን ምልክት አድርጉ። በሉቃስ ላይ የተመሠረተውና በአማርኛም የተተረጎመው የ1979ኙ የኢየሱስ ፊልም የትኞቹን አሰማ? ጊብሰንስ? የተመረጡትንና የተዘለሉትን ስታዩ እያንዳንዱ ፊልም የትኛውን ክርስቶስ እንደያዘ ይገለጥላችኋል፤ ይቅር የሚለውን፣ የተተወውን፣ ሥራውን የፈጸመውን።

በጊብሰን ፊልም ላይ አንድ ነገር ደግሞ ፈልጉ። ከግርፋቱ ጋር የጲላጦስ ሚስት ለእመቤታችን ነጭ ጨርቅ ትሰጣለች፤ እመቤታችንም ደሙን ትጠርግበታለች። ወንጌል ውስጥ የጲላጦስ ሚስት ያላት ማቴዎስ 27 ቁጥር 19 ብቻ ነው፤ ስለ ሕልሟ ላከችበት፣ አለቀ። ጨርቁ የመጣው አና ካታሪና ኤመሪክ ከምትባል ጀርመናዊት መነኩሲት ራእይ ነው። በ1824 ያረፈች ናት፤ ገጣሚው ክሌመንስ ብሬንታኖ ጻፈላት። እኛ ቤት ይህ ብዙ ያነጋግራል፤ በእኛ ትውፊትም ጲላጦስና ሚስቱ በቅዱሳን ይቆጠራሉና። የጀርመኗ መነኩሲትና የእኛ ሊቃውንት አንዲቱን ዝምተኛ ሴት በየፊናቸው አክብረዋታል። ለምን እንደሆነ የሚያጠና ሰው ብናገኝ ደስ ይለኛል።

ተከታታይ ፊልም

ተከታታይ ፊልም ሰዓቱ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ቤት፣ ጎረቤት፣ ዕዳ ይጨምራል። ከ2019 ጀምሮ በተመልካች መዋጮ የተሠራው የዳላስ ጀንኪንስ ተከታታይ «ዘ ቾዝን» (The Chosen) ጴጥሮስን በግብር ዕዳ አስጨንቆ ነው ወደ ሉቃስ 5 የዓሣ ተአምር የሚያመጣው። ሉቃስ ዕዳ አይልም። የሚጠቅማችሁ ክፍል መምረጥ ብቻ ነው፤ የተቀረው አሠራር ያው ነው።

መጻፍ

መጀመሪያ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ትዕይንቱ ከምንጩ ምን ወስዶ ምን እንደቀየረ የሚል። ያ ዓረፍተ ነገር ካልመጣ ወደ ደብተሩ ተመለሱ። ስለ ትዕይንቱ ስትናገሩ ደቂቃውን ጥቀሱ፤ ስለ ጽሑፉ ስትናገሩ ምዕራፍና ቁጥሩን። የትኛውን መጽሐፍ ቅዱስ እንዳነበባችሁ ግለጹ፤ 66ቱን ወይስ 81ዱን የሚለው በኖኅ ምሳሌ እንዳያችሁት ውጤቱን ይቀይራል።

ከምሁራን ማንን ላንብብ ለምትሉ፣ አዴል ራይንሃርትስን በኢየሱስ ፊልሞች ላይ አንብቡ። ላሪ ክራይትዘር ደግሞ ፊልም አይተን ወደ ጽሑፉ ስንመለስ ያላየነውን እናያለን የሚል ሐሳብ አለው፤ የቀሚሱን ጥያቄ ያነሱት ሐጂያ ይህንኑ ነበር ያደረጉት። የኔብራስካ ኦማሃ ዩኒቨርሲቲ ከ1997 ጀምሮ የሃይማኖትና የፊልም መጽሔት በነጻ በኢንተርኔት ያወጣል፤ በሞባይልም ይነበባል። የዩቲዩብ ተንታኝ እንደ ምንጭ አትጥቀሱ።

የአገራችንንም አትለፉ። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የሚሠሩ መንፈሳዊ ድራማዎች አሉ፤ ፈርዖን ምን ለብሶ ይወጣል፣ ሰይጣን በምን ድምፅ ይናገራል፣ ዲያቆኑ ንግግሩን ከየት ቀዳው? ይህን የጻፈ ሰው እስካሁን እጄ ላይ አልገባም። ስልክ ይዛችሁ ሄዳችሁ፣ አስፈቅዳችሁ ቅረጹ። ቀኑን፣ ደብሩንና ድራማውን ያዘጋጀውን ክፍል ጻፉ። ርዕሱን መጨረሻ ላይ ታወጡታላችሁ።